ቁልፍ ሠሪው አልፎት የሄደው በር

ይድረስ ለምወድህ፣ ለማከብርህ፣ ስትቆጣም ለምሸሽህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም አግዳሚ ወንበር ባነሳህ ቁጥር «ወይኔ!» እያልክ እትዬን ታስደነግጣታለህ? እማዬ ደህና ናት? ዓይኗስ? እትዬስ እንዴት ናት? ያቺ ክብሪት ያልኳት ልጅህ እስካሁን ቤቱን አላቃጠለችውም? ጎረቤታችን ጸጉር አስተካካዩስ ዛሬም ከጸጉር ጋር ጆሮ ይቆርጣል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ጤናዬን ነው። ልቤን ከጠየቅከኝ ግን ጣሳ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲንኳኳ ነው የሰነበተው። ይህን ደብዳቤ አልጋዬ ላይ ጀመርኩት፣ አላስቀምጥ አለኝ፤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ይዤው ወረድኩ፣ የማሽኑ ጩኸት አባረረኝ፤ አሁን ደረጃ ላይ ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ። የኔ ፊደል ከትምህርት ቤት የወጣው ከኔው ጋር አጥር ዘሎ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ምን ነካህ? ባለፈው ሳምንት በስልክ «ካሜራ ፊት ወደቅሁ፣ አለቃዬም ከፊልሙ ጋር እንሂድ እያለኝ ነው» ብዬ ሳጫውትህ፣ መውደቄን ትተህ ካሜራውን ይዘህ ሮጥክ። በማግስቱ ክብሪት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፤ እየተነፋረቀች። «አጎቴ፣ አባባ እኮ መጋረጃውን አወረደው! ጆይስቲኮቹን ካርቶን ውስጥ ከቶ አልጋ ሥር ገፋቸው! ከአሁን በኋላ ፊልም ብቻ ነው አለ!» አለችኝ። አላመንኳትም፤ ይህቺ ልጅ ውሸት ከማን እንደተማረች አውቃለሁ፣ ከኔ ነው። ከዚያ ፎቶውን ላከች። በራችን ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ በቀይ ቀለም፣ «የዚህ ቤት ልጅ ዋና ሆኖ የሠራበት ታላቅ ፊልም በቅርብ ቀን!» ይላል። እማዬ ትሙት፣ ዋና! እኔ ዋና ሆኜ የማውቀው አስተማሪዎች ረባሽ ሲቆጥሩ ብቻ ነው።

ያ ሰው እየከፈለ የሚገባበት ክፍላችን እኮ ለሁለታችን ነበር የተሠራው። መጋረጃው መሐል ላይ ነበር። ወዲያ ማዶ ያንተ ፊልምና አግዳሚ ወንበሮች፣ ወዲህ የኔ ሁለት ቴሌቪዥኖችና ጌሞች። አንተ ሰው በፊልም ታስለቅሳለህ፣ እኔ ወዲህ ሰው በጌም አጣላለሁ፤ እንጀራችንም መተሳሰባችንም ከዚያው ነበር። እና አሁን የኔን ጎን ያፈረስከው «ወንድሜ ፊልም ውስጥ ገባ» ብለህ ነው። እኔ ግን ገና አልገባሁም። ነገ ሰኞ ነው። ነገ ጠዋት አለቃዬ ፊት ቆሜ ወይ ከፊልሙ ጋር እሄዳለሁ እላለሁ፣ ወይ ከጌሙ ጋር እቀራለሁ እላለሁ። ከሄድኩ ገና በመሠራት ላይ ያለው ሁለተኛው ጌማችን ይዘጋል። ከቀረሁ ደግሞ ሰሌዳህ ውሸታም ይሆናል። እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ሥራዬን በቅጡ ነግሬህ አላውቅም፤ «ለዚህ ነው እንዴ ሰው ቀጥሮ የሚያበላህ?» ብለህ እንዳትስቅብኝ ፈርቼ ነው። መሥሪያ ቤታችን ጌም ይሠራል፣ እኔ የተሠራውን እሰብራለሁ። በቃ። ጌሙ የአንድ ቁልፍ ሠሪ ታሪክ ነው። ትልቅ ሕንፃ አለ፣ ከሥር ውሃ እየሞላበት ነው፣ በየክፍሉ ሰው ተቆልፎበታል። ቁልፍ ሠሪው ቦርሳውን አንግቶ በየኮሪደሩ ይሮጣል። ማንን አስቀድሞ እንደሚያወጣ የሚወስነው ግን ጆይስቲኩን የያዘው ሰው ነው። ሁሉንም ማውጣት አይቻልም፤ ውሃው ይቀድምሃል። እኔ ቀኑን ሙሉ ይህን ምስኪን ሰውዬ ከግድግዳ ጋር አጋጨዋለሁ፣ ከመስኮት እወረውረዋለሁ፣ በቁም ሳጥን ላይ አስጨፍረዋለሁ። ግድግዳውን ሰንጥቆ ካለፈ ወይም ወለሉ ከዋጠው «አገኘሁ!» ብዬ እጮሃለሁ። ያኔ ጉንዳን መጥታ ትጠግነዋለች። ጉንዳን የምላት ፕሮግራሙን የምትጽፈዋን ልጅ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ዝም ብላ ከራሷ የሚበልጥ ሸክም ስትጎትት ትውላለች። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። እሷም አልቀረችም፣ «ምስጥ» አለችኝ፤ የሠራችውን ሁሉ ቦርቡሬ ስለምጥል። አሁን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ምስጥ ነው የሚለኝ።

አለቃችን ደግሞ ቶሎቶሎ ይባላል። ሲናገር ቃል ይውጣል፣ ሲበላ ይናገራል፣ ቆሞ ነው የሚውለው። አንድ ጠዋት ሰብስቦን «ፊልም እንሠራለን!» አለ። «ጌማችንን የሚጫወት ሁሉ ወዶታል። የማይጫወተውስ? እናቴ ጌም አትጫወትም፤ እናቴ ፊልም ነው የምታየው» አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ለናቱ ከሆነ ፎቶ ተነስቶ ይላክላት» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሱም ሰምቶ ዋጠው፣ አፉ ውስጥ ከነበረው ጋር።

ከዚያ አናጢ ተቀጠረ፣ ሰፊ መጋዘን ተያዘ፣ የሕንፃው ኮሪደር በጣውላ ተሠራ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የኛ ሰዎች ጉድ የሠሩት። ጌም ውስጥ በር ካለ ሰው ይከፍተዋል፤ ከፍቶ ባዶ ካገኘ ይሰድበናል። ስለዚህ ቶሎቶሎ አናጢዎቹን በየበሩ ኋላ ክፍል አሠራቸው፣ በየክፍሉም ዕቃ አስሞላ። ፊልሙን እንድትመራ ከውጭ የተቀጠረችው ዳይሬክተር ስትመጣ አንዱን በር ከፈተች፤ የተነጠፈ አልጋ። ሌላውን ከፈተች፤ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ ግማሹ የተጠጣ ሻይ። መሳቢያ ሳበች፤ ካልሲ፣ ያውም ታጥፎ! ዞር ብላ «እዚህ ማነው የሚገባው?» አለች። ቶሎቶሎም «ሰው ቢገባስ?» አላት። «የምን ሰው?» ስትለው «ተመልካቹ ነዋ!» አለ። «ጌታው፣ ተመልካቹ እኮ ወንበሩ ላይ ነው ያለው!» ብላ ካልሲውን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ካሜራው የሚያየው ለካ ሁለት ክፍል ብቻ ኖሯል። ሌላው ሁሉ በር ከኋላው ምንም ባይኖረው ግድ የለውም።

ቶሎቶሎ ግን አልበገር አለ፣ «ምስጥ፣ ግባና ፈትሽልን!» አለኝ። እኔም ልማዴን አደረግሁ። በሩን ሁሉ በረገድኩ፣ አልጋው ላይ ዘለልኩ፣ ቧንቧው ላይ ተንጠለጠልኩ፣ መጨረሻ ላይ ከኮሪደሩ ጫፍ ተንደርድሬ ግድግዳውን በትከሻዬ መታሁት። ወንድም ጋሼ፣ አለፍኩ! ለካ ስስ ጣውላ ነው። ሰንጥቄው ወጣሁ፣ ማዶው ባዶ፣ ቁልቁል ተምዘግዝጌ የተቆለለ ፍራሽ ላይ ወደቅሁ። እዚያው እንደተጋደምኩ ልማድ ሆኖብኝ «አገኘሁ!» ብዬ ጮህኩ። ዳይሬክተሯ በቀዳዳው ብቅ አለች። ተጎዳህ ወይ የለ፣ እግዜር ያውጣህ የለ፤ «ልክ እንደሱ አድርገህ ደግመህ መውደቅ ትችላለህ?» አለችኝ። «እመቤቴ፣ የትምህርት ቤት ካርዴን ላምጣልዎት?» አልኳት።

እንዲህ ነው የተጀመረው። የቁልፍ ሠሪውን ቦርሳ አስነገቱኝ፣ ጀርባዬን ለካሜራው ሰጥተው ከደረጃም ከመስኮትም ጣሉኝ። ከፊት የሚታየው ተዋናይ ነው፣ መልኩ የሚያምር፣ ጥርሱ የሚያበራ። መውደቅ ሲመጣ ግን እሱ ሻይ ይጠጣል፣ እኔ እወድቃለሁ። ሰሌዳህ ላይ «ዋና» ብለህ የጻፍከው እንግዲህ ይሄን ጀርባ ነው።

መውደቁ ሳይሆን መጠበቁ ነው የገደለኝ። መብራት እስኪስተካከል ቁጭ፣ ተዋናዩ እስኪበጠር ቁጭ፣ ካሜራው እስኪተከል ቁጭ። እጄ ሥራ ፈታ። ስለዚህ አንድ የበር እጀታ ፈልጌ በር በሌለበት ግድግዳ ላይ በብሎን አሰርኩት። ቶሎቶሎ መጥቶ ሳበው። መብራት የሚይዘው ሰውዬ ሳበው። አናጢው፣ ግድግዳውን ራሱ የሠራው፣ ሁለቴ ሳበው! ዳይሬክተሯ ብቻ አይታው አለፈች። ያኔ የሆነ ነገር ገባኝ። እሷ የምትሠራው ዓይን እስከሚደርስበት ነው፣ እኛ የምንሠራው እጅ እስከሚደርስበት ነው። ይሄን ከየት ሰረቅከው አትበለኝ፤ ከራሴ ነው፣ ከፈለግህ ሰሌዳህ ላይ ጨምርበት።

በዚህ መሐል ነው ቶሎቶሎ የጠራኝ። «ቀረጻው ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፣ ከዚያም ሁለተኛም ሦስተኛም ፊልም አለ፣ አንተ ከኛ ጋር ነህ። ሞካሪ የሌለው ጌም ደግሞ አላስቀጥልም፣ ሁለተኛው ይቁም» አለ። «ብቀርስ?» አልኩት። «ከቀረህ አንተና ጉንዳን የኋላውን ክፍል ያዙ፤ እኔ ግን ቃል አልገባም። እስከ ሰኞ አስብበት» ብሎኝ ሮጠ። እኔ ጉንዳን ትለምነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ልግደረደርባት ተዘጋጅቼ፣ ጸጉሬንም ዳስሼ ሄድኩ። ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳታነሳ «ከሄድክ ማን ይሰብርልኛል?» አለች። በቃ፣ ሌላ የለም። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይባላል? ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። እኔ! ቀልድ አጣሁ!

ትናንት ደግሞ ከፊልሙ ያለቀውን ክፍል ለጌሙ ወዳጆች አሳየናቸው። ከመጡት አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፣ በእድሜ እማዬን የምታክል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የማያውቃት የለም፤ በየጊዜው ስሞታ ትጽፍልናለች። ጌሙ ውስጥ ምድር ቤቱ፣ ውሃው ቀድሞ በሚደርስበት ክፍል፣ አንድ የሚያስል ሽማግሌ አለ። እሱን ለማውጣት በሩ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ እሱን ስትል ሌላው ያመልጥሃል፤ ስለዚህ አብዛኛው ተጫዋች ይተወዋል። እሷ ግን ከሁሉ አስቀድማ እሱን ነው የምታወጣው። አንዴ እንዲያውም «ሽማግሌው ሳሉ በዛ፣ ምናለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብትሰጡት» ብላ ጻፈችልን። እኔም «እናቴ፣ ውሃ እየመጣለት ነው» ብዬ ልመልስላት ስል ጉንዳን እጄን ያዘችኝ።

እና ፊልሙ ላይ ቁልፍ ሠሪው ምድር ቤት ይወርዳል። ሽማግሌው ከበሩ ኋላ ያስላል። ቁልፍ ሠሪው ቆመ፣ እጁን እጀታው ላይ አደረገ። ከላይ የሴት ጩኸት ተሰማ። እጁን አነሳና ወደ ላይ ሮጠ። ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «አንተ! ወዴት ነው? ሽማግሌውን! ኧረ ሽማግሌውን!» እያለች ጮኸች። ሁለቱ አውራ ጣቶቿ የእጅ ቦርሳዋን ይጫናሉ፣ ይጫናሉ፤ ጆይስቲክ የያዘች መስሏታል። ሰውዬው ግን ሄደ። መብራት በራ፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ሄጄ «እናቴ፣ ቦርሳዎን ሊያፈነዱት እኮ ነው» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። «ልጄ፣ ጥሩ ነው፣ ሥራው ጥሩ ነው። ግን እኔ የት ነበርኩ?» አለችኝ። «እንዴት ማለት?» አልኳት። «እኔ እያለሁ እኮ ሽማግሌው ሞቶ አያውቅም» አለች።

በሩጫ ወደ ዳይሬክተሯ ሄድኩ፣ «ሽማግሌውን ለምን ተዉት?» ብዬ። ምንም አልደነገጠችም። «የሰው ውስጡ እንዲነድ ነው። ማንም ተነስቶ ሊያወጣው እንዳይችል። ተቀምጠህ ታያለህ፣ ውስጥህ ይነዳል፣ ቤትህ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ ፊልም ማለት ይሄ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው ወንድም ጋሼ። ይዤው መጣሁ። ከትናንት ጀምሮ ያ ሳል ጆሮዬ ውስጥ ነው። ደረጃ ላይ ብወጣ አለ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ብወርድ አለ። ጥሩ ፊልም ይሆናል፣ አልዋሽህም። አንተ ትወደዋለህ። ያንተ ጎን ያሉት ሰዎች «ከኋላህ ነው፣ ዙር!» እያሉ ሲጮሁ ሰውዬው እንደማይሰማቸው ያውቃሉ፣ እያወቁ ይጮሃሉ፣ ደስ ይላቸዋል። እኔ መጋረጃውን ገልጬ ሳይ የኖርኩት ፊልሙን ሳይሆን እናንተን ነው። ወዲህ እኔ ጎን ግን «ዙር!» ሲባል ሰውዬው ይዞራል። እኔ ይሄን ለምጄ ነው መሰለኝ፣ ያኛውን አልቻልኩትም።

እንግዲህ ጌም የሚሠራ ፊልም ይሥራ ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ (አትጠይቀኝም፣ ሰሌዳ ሰቅለህ ጨርሰሃል) ይሥራ ነው የምለው። ማን ይከለክለዋል? ጸጉር አስተካካያችንም ከፈለገ ፊልም ይሥራ፣ መቀሱን ብቻ ያስቀምጥ። ሆዴን የሚቆርጠኝ ሌላ ነው፤ ፊልሙ እንዲሮጥ ጌሙ ይቁም የሚሉት ነገር። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያው ጌም ቤቷ አለ፣ ዛሬም ሽማግሌውን ታወጣለች። ሁለተኛው ውስጥ ግን ጉንዳን በግማሽ ሠርታ የተወቻቸው ሰዎች አሉ። አንዲት አዋላጅ አለች፣ እጅ የላትም፤ ገና አልተሠራላትም። ቁልፍ ሠሪው በሩን ሲከፍትላት እጅ በሌለው ትከሻ ሰላም ልትለው ትሞክራለች። መጀመሪያ ሳያት ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ዛሬ ሳስባት ግን አልሳቅሁም።

ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ድረስ የጻፍኩት ትናንት ነው። አሁን ሰኞ ነው፣ ተናግሬ ወጣሁ። ስገባ ቶሎቶሎ ቆሞ ይበላ ነበር። በመንገዴ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፣ ቀልድም ነበረው፤ አፌ ውስጥ ደረቀ። «አለቃ፣ እኔ እቀራለሁ» አልኩ። ማኘኩን አቆመ። እሱ ሲያቆም አይቼው አላውቅም። «አንተ ልጅ፣ ስንቱ እኮ ይሄን ዕድል በሕልሙም አያገኘውም!» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ቤተሰብህስ ምን ይላል?» ሲለኝ ሰሌዳህ ዓይኔ ላይ መጣ፣ ቀዩ ቀለም። «ወንድሜ ይገድለኛል» አልኩት። ሳቀ። «እሺ፣ በኋላ ግን ፊቴ መጥተህ እንዳታለቅስ» አለኝ። አለቅስ ይሆናል። አላውቅም። የኋላው ክፍል መስኮት የለውም፣ ጣሪያው ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ፣ ነገ ይዘጋብን አይዘጋብን ማንም አልነገረንም። ጉንዳን ስነግራት በእግሯ ወንበር ገፍታ ሰጠችኝ፣ «ለአዋላጇ እጅ ሠርቼላታለሁ፣ በል ስበረው» አለች። ሁለቴ ሳልሞክር የአዋላጇ ጣቶች በተዘጋው በር ውስጥ አለፉ። «አገኘሁ!» አልኩ።

ሰሌዳውን አውርደው አልልህም፤ ክፍሉም ያንተ፣ በሩም ያንተ ነው። «ዋና» የምትለዋን ብቻ በቀለም ሸፍናት፣ ስለ እማዬ ብለህ። ጀርባዬ ፊልሙ ውስጥ ቀርቷል፣ ስለዚህ ጨርሶ አልዋሸህም። መጋረጃውን ግን ስቀለው። ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አውጥተህ ለክብሪት ስጣት። ከተቆጣኸኝ ተቆጣኝ፣ ከዚህ ሆኜ በትርህ አይደርስብኝም። ፊልሙ ሲደርስ ግን አሳየው፤ ክፍሉን ሞልተህ አሳየው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። አንተ ሰው ሲጮህ ወንበር በበትር እየመታህ «ዝም በሉ!» ትላለህ። ቁልፍ ሠሪው ምድር ቤት ወርዶ እጁን ከእጀታው ላይ ሲያነሳ፣ ሰዎችህ መጮህ ይጀምራሉ። በዚያች ሰዓት በትሩን አስቀምጠው። እስኪበቃቸው ይጩሁ። አንተም ጩህ።

እማዬን እግሯን ስምልኝ፤ ልጅሽ አልከሳም፣ ከየትኛውም መስኮት ቢጥሉት የሚነጥር ሆኗል በላት። እትዬን ሰላም በልልኝ፤ ካንተ ጋር የምትኖርበት ትዕግሥት ከየት እንደመጣ ትንገረኝ፣ ለኋላው ክፍል እፈልገዋለሁ። ክብሪትን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ፤ አንተን በጌም ካሸነፈችህ ወሬውን ደብቃ ትላክልኝ፣ ፎቶም ይኑረው። ጸጉር አስተካካዩም ለቀረው አንድ ጆሮዬ ሲል እዚያው ይቆይልኝ። ላንተ ደግሞ ወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከሁሉ ይበዛል፤ ቁጣህን አቀዝቅዘህ መልስ ጻፍልኝ።

የማያርፈው ታናሽ ወንድምህ

ከመሥሪያ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር
ሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን